የእማዬ ቁጥር 2

እማዬ ዓለም ጤና ከተማ ውስጥ ኖኪያ 1100 ይዛ ስንት ዓመቷ። ያ ቀፎ በ2003 እ.ኤ.አ. ሲወጣ አቧራ ለበዛበትና መብራት ለሚቆራረጥበት አገር ታስቦ ነበር፤ ቁልፎቹ በአንድ ወጥ ጎማ ተሸፍነዋል፣ አናቱ ላይ ባትሪ ይበራል፣ አንዴ ቻርጅ ከተደረገ ቀናት ይቆያል። በዓለም ከ250 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል። የእማዬ ስልክ ሊጥ ውስጥ ገብቷል፣ ከአህያ ጭነት ላይ ወድቋል። 8028 ደውላ ስለ ጤፍ ምክር የምትሰማውም በእሱ ነው።

እኔ አዳማ ተቀምጬ ይህ ስልክ ለእናቴ አይመጥናትም አልኩ፤ ታች ስክሪን ስልክ ገዛሁላት። ኖኪያው ድምፁ ስለደከመ ለጥገና ሰጥታኝ ነበርና ሁለቱንም በቦርሳ ይዤ፣ ሞጆ ላይ መኪና ቀይሬ ወደ እማዬ ጉዞ ቀጠልኩ።

ቆቃን እንዳለፍን ጎማ ፈነዳ። ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ሆኗል። ሹፌሩ ክሪኩን ይዞ መኪናው ሥር ገባና መብራት ጠየቀ። ባለ መስታወት ስልኩን ጠጠር ላይ ለማስቀመጥ የደፈረ ተሳፋሪ አልነበረም። የእኔማ ቻርጁ አልቆ ጠፍቷል። ኖኪያውን አብርቼ ብሎኖቹ አጠገብ አስቀመጥኩት። ረዳቱ ሁለት ጊዜ ረገጠው፤ እሱ ግን ስኮርታው እስኪገባ ድረስ አበራ።

እማዬ እንዳትጨነቅ ልደውል አልኩ። ሲሙ የእሷ ነው፤ የትኛው ቁልፍ ለማን እንደሚደውል ግን አላውቅም። ፊደል ስለማታነብ እህቴ አንድ ቁልፍ ጫን ብላ ይዛ መደወልን አስተምራታለች። 2ን ተጭኜ ያዝኩ። ደንበኛውን ማግኘት አይቻልም አለኝ። ለካ 2 እኔ ነኝ። ሥራ ላይ ነኝ እያልኩ ስልኬን በዘጋሁባቸው ቀናት እማዬ ጆሮዋ ላይ ይዛ የምትሰማው ይህን ድምፅ ነበር። ጨለማው ውስጥ ቆሜ ልቤ ተጨነቀ።

3 እህቴ ነበረች፤ መስመሯ ተይዟል። 4 ጎረቤታችን ናቸው፤ እማዬን አቀረቡልኝ።

«ልጄ፣ የት ደረስክ?» አለች። ወዲያው ደግሞ «በእኔ ስልክ ነው? ተሠራልኝ?» ድምፅዋ ውስጥ የነበረውን ደስታ ያህል በአዲስ ዕቃ ሰጥቻት አላውቅም።

ታች ስልኩን ለእህቴ ሰጠሁት። ቤት እንደገባሁ እማዬ ኖኪያዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠራርጋ፣ ድምፁን ልሞክር ብላ 2ን ጫን አድርጋ ያዘች። ቻርጅ ላይ የሰካሁት ስልኬ ጠራ። አጠገቧ ቆሜ አነሳሁት።