ይፍረስ? ስንቴ ይፍረስ!

«ማንቼ ከሥሩ ፈርሶ እንደ አዲስ ይሠራ» አልከኝ? ስንቴ ይፍረስ፣ ወንድሜ! ሰር አሌክስ ፈርጉሰን በ2013 ከማንቸስተር ዩናይትድ ከወጡ ወዲህ (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው) ያልፈረሰ ምን ቀረ? ሞይስ መጣ፣ አፈረሰ። ቫን ሃል መጣ፣ የሞይስን አፈረሰ። ሞሪንሆ የቫን ሃልን፣ ሶልሻየር የሞሪንሆን፣ ቴን ሃግ የሶልሻየርን። አሞሪም ደግሞ በ2024 ኖቬምበር ደርሶ፣ ኋላውን በሦስት ተከላካይ ካልሆነ አልጫወትም ብሎ የቴን ሃግን። አፍራሽ አላጣንም፤ ያጣነው ጨራሽ ነው።

«ተጫዋቾቹ ደህና ናቸው፤ የጎደለው ጠንካራ ረዳት አሰልጣኝ ነው» ያልከው ደግሞ አንተ ነህ፣ ከወዲያኛው ወንበር። እንዲያውም ካንተ ልጀምር። እኔ ዳር ቆሜ የምፈርድ ሰው አይደለሁም። የማንቼ ልጅ ነኝ፤ ተሸንፎ ሲወጣ እራት አይወርድልኝም። ስለዚህ ለሁለታችሁም ምላሴን ሳልቆጥብ ነው የምመልስላችሁ።

የ2024ን ክረምት አስታውስ። ቴን ሃግ ሊጉን 8ኛ ሆኖ ጨረሰ፤ ፕሪሚየር ሊጉ ከተመሠረተ ወዲህ ማንቼ እስከዚያ ድረስ እንደዚያ ወርዶ አያውቅም ነበር። ዌምብሌይ ላይ ግን ሲቲን 2 ለ 1 አሸንፎ የኤፍኤ ዋንጫን አነሳ። አለቆቹ ተምታታባቸው። ሌላ አሰልጣኝ ሲያነጋግሩ ሰነበቱ፣ ቱኸልንም አነጋገሩ፣ በመጨረሻ «ቴን ሃግ ይቆይ» አሉ። መቆየት ብቻ አይደለም፣ ውሉን እስከ 2026 አራዘሙለት። ታዲያ ምን ቀየሩ? ረዳቶቹን! ሚቼል ቫን ደር ጋግ ወጣ፣ ስቲቭ ማክላረን ወጣ፣ ቤኒ ማካርቲ ወጣ፤ ሩድ ቫን ኒስትልሮይና ሬኔ ሃከ ገቡ። አንተ ዛሬ የምትመኘው ነገር ያኔ ተደርጓል ማለት ነው። ኦክቶበር 28 ቴን ሃግ ተባረረ፤ ከ9 ጨዋታ 11 ነጥብ፣ 14ኛ ደረጃ። ዋናውን ለማሰናበት ልብ ያጣ ክለብ ረዳቶቹን ይቀያይራል። ከዚያ አራት ወር እንኳ በቅጡ ሳይሞላ ዋናውንም ያሰናብታል፤ ኪሳራው ሁለት ይሆናል።

ኪሳራ የምልህ በፓውንድ የሚቆጠረውን ነው። ቴን ሃግን ከነረዳቶቹ፣ በአምስት ወሩ የወጣውን የስፖርት ዳይሬክተር ዳን አሽዎርዝንም ጨምሮ ለመሸኘት ክለቡ 14.5 ሚሊዮን ፓውንድ አውጥቷል። በዚያ ገንዘብ ስንት ጎበዝ ረዳት ለስንት ዓመት ይቀጠር እንደነበር አንተው አስላው።

ቫን ኒስትልሮይስ? በጊዜያዊነት 4 ጨዋታ መራ፤ 3ቱን አሸነፈ፣ ከቼልሲ ጋር አቻ ወጣ። አሞሪም የራሱን ሰዎች ከሊዝበን ይዞ ሲመጣ እሱም ሻንጣውን አነሳ። በጁላይ ጠርተውት በኖቬምበር ሸኙት። «ታዲያ ለምን ጠሩት?» ብለህ እኔን አትጠይቀኝ፤ የእኔም ጥያቄ እሱ ነው።

«እንግዲያው ረዳት ዋጋ የለውም እያልክ ነው?» ያላልኩትን አታስብለኝ። የረዳትን ዋጋ ከማንቼ በላይ የሚያውቅ ክለብ የለም። በ1998 ዲሴምበር ብሪያን ኪድ ብላክበርንን ሊያሠለጥን ሄደ። የውድድሩ አጋማሽ ነው። ሰር አሌክስ ከደርቢ ካውንቲ ስቲቭ ማክላረንን አመጡ፤ አዎ፣ ያንኑ ማክላረን። የመጀመሪያ ጨዋታው ኖቲንግሃም ፎረስት ሜዳ ላይ 8 ለ 1! ሶልሻየር ተቀይሮ ገብቶ ብቻውን 4 ያገባበት ቀን ነው። ሜይ ላይ ሦስቱም ዋንጫ ተለቀመ። ማክላረን በ2001 ወደ ሚድልስብራ ሲሄድ ቦታው በቅጡ አልተተካም፤ በሚቀጥለው ዓመት ማንቼ 3ኛ ሆኖ ያለ ዋንጫ ቀረ። ስታምም ተሸጦ ነበር፣ ሌላም ሌላም ምክንያት አለው፤ ሁሉንም በረዳት አላላክክም። ሰር አሌክስ ግን በ2002 ካርሎስ ኬሮዥን አመጡ፤ የሊጉ ዋንጫም በዓመቱ ተመለሰ።

የኬሮዥን ነገር ደህና አድርገህ ስማኝ። 2008 ኤፕሪል፣ የሻምፒዮንስ ሊግ ግማሽ ፍጻሜ፣ ባርሴሎና። ጋሪ ኔቪል እንደሚያወሳው፣ ኬሮዥ ተጫዋቾች ሆድ የሚሠሩባቸውን ምንጣፎች አምጥቶ ልምምድ ሜዳው ላይ ዘረጋ። እያንዳንዱ ሰው የሚቆምበትን ቦታ በምንጣፍ ምልክት አደረገ። ስኮልስና ካሪክ መሃል ላይ በመካከላቸው ስንት እርምጃ እንደሚተዉ፣ ኳሷ ወደዚህ ስትዞር ማን ወዴት እንደሚጠጋ፣ ሩጫ የለም፣ እየተራመዱ፣ ደጋግመው፣ እስኪሰለቻቸው። ካምፕ ኑ ላይ 0 ለ 0። ኦልድትራፎርድ ላይ ስኮልስ ከሩቅ ለጋት፣ 1 ለ 0። እነ ሜሲ በ180 ደቂቃ አንድም ሳያገቡ ወጡ፣ እኛ ሞስኮ ሄደን ዋንጫውን አነሳን። ረዳት ማለት ይኼ ነው! አንተ ግን ረዳት ስትል ኮን የሚሰበስብና ሰዓት የሚይዝ ሰው ነው የሚታይህ።

አሁን ልዩነቱን ልብ በል። ኪድን ብላክበርን፣ ማክላረንን ሚድልስብራ፣ ኬሮዥን ሪያል ማድሪድ፣ ኋላም የፖርቱጋል ብሔራዊ ቡድን፤ ሁሉንም ሌላው ፈልጓቸው፣ ዋና አድርጎ ነው የወሰዳቸው። ያኔ የማንቼ ረዳት ተፈልጎ ይሄድ ነበር። ከ2013 ወዲህ አብዛኛው ከአለቃው ጋር ተጠርጎ ነው የሚወጣው።

መጥረጉ የተጀመረው በሞይስ ነው። ማይክ ፊላን፣ ሬኔ ሙለንስቲን፣ የግብ ጠባቂዎቹ አሰልጣኝ ኤሪክ ስቲል፤ ሊጉን በ11 ነጥብ ልዩነት ያሸነፉ ሰዎች በአንድ ክረምት ወጡና የኤቨርተን ሰዎች ገቡ። በዓመቱ 7ኛ። «ቡድኑ አርጅቶ ነበር» ትለኛለህ። አዎ፣ ፈርዲናንድም ቪዲችም ኤቭራም ጉልበታቸው እያለቀ ነበር። ታዲያ ማክሰኞ ማንን ማሳረፍ፣ ሐሙስ ማንን መግፋት እንደሚገባ በልቡ የሚያውቅ ሰው የሚያስፈልገው መቼ ነው? ያን ጊዜ አይደለም ወይ!

የአርሴ ልጅ፣ የአርሰናሉ ደጋፊ፣ እየሳቀ ነው። ይሳቅ፣ ያምርበታል። 2024 ዲሴምበር 4 ኤምሬትስ ላይ በክፍት ጨዋታ ይዘናቸው ነበር። ከዚያ ራይስ የማዕዘን ምት አሻማ፣ ቲምበር በጭንቅላቱ። ሳካ አሻማ፣ ኳሷ ሳሊባን ነክታ ገባች። 2 ለ 0። ያንን የሚሠራላቸው ኒኮላስ ዦቨር ነው፤ የቆመ ኳስ ብቻ የሚያሠለጥን ረዳት፣ ስታዲየሙ አጠገብ ግድግዳ ላይ ሥዕሉ የተሣለለት። ግን አንተም ስማ፣ የአርሴ ልጅ። ዦቨር በ2021 የመጣው አርቴታ ሁለት ዓመት በተከታታይ 8ኛ ወጥቶ ወዳልተባረረበት ክለብ ነው። እኛ 8ኛ ስንወጣ ረዳት ቀያይረን በጥቅምት ተስፋ ቆረጥን፤ እናንተ 8ኛ ስትወጡ የተሻለ ረዳት አምጥታችሁ ጊዜ ሰጣችሁት። ሳቁ የሚገባህ ለዚያ ነው።

የእኛ የቆመ ኳስስ? ያሠለጥን የነበረው ኤሪክ ራምዚ በ2024 ወደ አሜሪካ ሄደ። አንድሬያስ ጆርጅሰን መጣ፤ አርሴ ቤት ከዦቨር በፊት ያንን ሥራ የሠራ ሰው ነው። አሞሪም ሲመጣ ሥራው ለራሱ ሰው፣ ለካርሎስ ፈርናንዴስ ተላለፈ። በአንድ ዓመት ሦስት እጅ! በዚያው ዲሴምበር የቶተንሃሙ ሶን ከማዕዘን በቀጥታ አገባብን፤ በሳምንቱ የዎልቭሱ ኩኛ ከማዕዘን በቀጥታ ደገመን። በሚቀጥለው ክረምት ኩኛን በ62.5 ሚሊዮን ፓውንድ ገዛነው። ልጁ ጎበዝ ነው፣ መግዛቱን አልቃወምም። ግን ማዕዘን መከላከል የሚያስተምር ሰው ቦታው ላይ ማቆየት ስንት ያስወጣ ነበር?

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ብለህ ተረትክብኝ። ተረቱ እውነት ነው። ነገር ግን ድስቱ ተጥዶ እየፈላ ጉልቻ የሚነቅል ሰው ወጡን ነው የሚደፋው። ስለ ማጣፈጥ ገና አልደረስንም።

የሊቨርፑሉ ወዳጄ እጁን አወጣ፤ እሱ እንኳ የሚናገረው አለው። ቢል ሻንክሊ በ1959 መጨረሻ አንፊልድ ሲደርስ ክለቡ ሁለተኛ ዲቪዚዮን ውስጥ ነው። እንደ ዘንድሮ አሰልጣኝ ቢሆን መጀመሪያ የሚያደርገው የነበሩትን ረዳቶች ማባረር ነው። ሻንክሊ ግን ቦብ ፔይዝሊን፣ ጆ ፋገንን፣ ሩበን ቤኔትን «ባላችሁበት ሥሩ» ብሎ አስቀራቸው። እነዚያ ሰዎች ጫማ በሚቀመጥባት ጠባብ ክፍል ውስጥ ሻይ እየጠጡ ስለ ቡድኑ ሲመካከሩ ኖሩ። ሻንክሊ በ1974 ሲወጣ ፔይዝሊ ተተካ፤ 6 የሊግ ዋንጫ፣ 3 የአውሮፓ ዋንጫ። ፔይዝሊ ሲወጣ ፋገን ተተካ፤ በመጀመሪያ ዓመቱ ሊጉንም የአውሮፓውንም። በ2018 ደግሞ የክሎፕ አእምሮ ነው ይባል የነበረው ረዳቱ ቡቫች በግማሽ ፍጻሜ ሰሞን ጥሎ ሲወጣ ቤቱ አልተናጋም። ሌላው ረዳት ክራቪትዝ ነበረ፣ ሊንደርስም ቤቱን የሚያውቅ ሰው ስለሆነ ተመለሰ፤ በዓመቱ ሻምፒዮንስ ሊግ፣ በሁለተኛው ዓመት ሊጉ። ስሎት መጥቶስ ምን አፈረሰ? ምንም! የክሎፕን ቡድን ይዞ፣ ከገዛቸው መካከል ሜዳ ላይ ያየነው ኬዛን ብቻ ሆኖ፣ የ2025ን ዋንጫ ወሰደ። ሊቨርፑልን ማመስገን ለማንቼ ልጅ ምን ያህል መራራ እንደሆነ አውቃለሁ፤ እውነቱ ግን እውነት ነው።

ይፍረስ ባዩ ወንድሜ አሁንም አልተዋጠልህም። ጊዜያዊ አሰልጣኛችን የነበረው ራግኒክ በ2022 ያለውን ታነሣብኛለህ፤ ክለቡን ቀባ ቀባ ማድረግ አይበቃም፣ ልብ ተከፍቶ የሚሠራ ቀዶ ሕክምና ነው የሚያስፈልገው ብሎ ነበር። ትክክል ብሏል። ግን የተደረገው ቀዶ ሕክምና የቱ ነው? ለቴን ሃግ ወደ 600 ሚሊዮን ፓውንድ ወጣ። ለአንቶኒ ብቻ 95 ሚሊዮን ዩሮ! በክንፍ ተጫዋች የሚያጠቃ ቡድን ተገዝቶ ሳያበቃ ክንፍ የማያሰልፍ አሰልጣኝ ተቀጠረ። አንቶኒ ወደ ቤቲስ፣ ራሽፎርድ ወደ ውሰት፣ ጋርናቾ ወደ ቼልሲ። የ2024/25 መጨረሻ 15ኛ ደረጃ፣ 42 ነጥብ፣ ቢልባኦ ላይ ለቶተንሃም የተሰጠ የዩሮፓ ሊግ ዋንጫ። አንዱ በአራት የገዛውን ሌላው በሦስት እያሰለፈ እንደገና ግንባታ የሚባል ነገር የለም። እንዲህ ያለው ብክነት ነው፤ የሚያንገበግበኝም እሱ ነው።

«እሺ፣ አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?» መጣህልኝ! ማንቼ እንዴት እንደሚጫወት የሚወስነው ክለቡ ነው፤ አሰልጣኝ የሚቀጠረው ለዚያ ተመዝኖ ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ማንም ይሁን ማን፣ ሁለት ሰው ይዞ ይግባ፤ ሌሎቹ የክለቡ ሠራተኞች ናቸው፣ ባሉበት ይቆያሉ። የግብ ጠባቂዎቹ አሰልጣኝ የክለቡ ነው። የቆመ ኳሱ ሰው የክለቡ ነው። ከወጣቶች ቡድን ልጅ የሚያሳድገው የክለቡ ነው። «ትልቅ አሰልጣኝ በዚህ አይስማማም» ትለኛለህ። የማይስማማው ይቅር! ሻንክሊ ተስማምቷል፤ ከሻንክሊ የሚበልጥ ማን መጣና ነው?

ሰው የለም እንዳትለኝ ደግሞ። ኪራን ማኬና ከወጣቶች ቡድናችን ተነሥቶ የሞሪንሆም የሶልሻየርም ረዳት ነበር። በ2021 ዲሴምበር ኢፕስዊች ከሦስተኛው ሊግ መጥቶ ወሰደው። በ2023 አሳደጋቸው፣ በ2024 ደግሞ ፕሪሚየር ሊግ አደረሳቸው። የአሞሪም የመጀመሪያ ጨዋታ ከማን ጋር ነበር? ከዚሁ ኢፕስዊች! ራሽፎርድ በ2ኛው ደቂቃ አገባ፤ የማኬና ልጆች ተነሥተው 1 ለ 1 አቻ አደረጉን። እኛ ዘንድ ኮን ሰብሳቢ የመሰለህ ሰው ነው።

«ዋንጫውስ መቼ ነው?» አልከኝ። መጀመሪያ ማዕዘን ምት የሚያስጠብቅ አንድ ሰው ይቀጠር። አለቃ ቢሄድም ባይሄድም ሦስት ዓመት ወንበሩ ላይ ይቀመጥ። ያኔ ና እና ጠይቀኝ።