ዋጋ የሌለው ገጽ

ሽሮ ሜዳ ላይ የሐበሻ ቀሚስ ነጋዴ «ስንት ነው?» ሲባል ቶሎ አይመልስም። መጀመሪያ ቀሚሱን ከተሰቀለበት ያወርዳል፣ ጥበቡን ወደ ብርሃን ያዞራል፣ «ለሰርግ ነው?» ይላል፤ በመሃል የገዢውን ጫማ ሰረቅ አድርጎ ያያል። ዋጋ የሚወለደው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ቴሌግራም ሲመጣም ወጉ አልተሻረም፤ ከፎቶው ሥር «ለዋጋ በውስጥ መስመር ያናግሩን» የሚል ተጨመረበት እንጂ።

እንግዲህ ከእነዚህ የጉለሌ ሱቆች በአንዱ እናቱን የሚያግዝ ወጣት አንድ ቀን «ድረ ገጽ ልሥራልሽ» አለ እንበል።

«ስንት ያስወጣል?»

«በነፃ ነው፣ እማዬ።»

አልዋሸም። ኤችቲኤምኤል የሚባለውን የገጽ መጻፊያ ቋንቋ ከዩቲዩብ መማር ይቻላል፤ ጥቂት ገጾችንም ጊትሃብን በመሰሉ አገልግሎቶች ላይ ያለ ክፍያ ማስቀመጥ ይቻላል። ቲም በርነርስ ሊ በ1991 እ.ኤ.አ. ጄኔቫ አጠገብ በሚገኘው የምርምር ማዕከል ሰርን ሆኖ ለዓለም ያወጣው የመጀመሪያው ድረ ገጽ ጽሑፍና ማያያዣ ብቻ ነበር፤ ፎቶ እንኳ አልነበረውም። ሰውዬው የሚሸጠው ቀሚስ ስላልነበረው ተሳክቶለታል።

ገንዘብ የሚጠየቀው የገጹ አድራሻ ስም ሲመጣ ነው። የውጭዎቹ ሻጮች በዶላር የሚከፍል ካርድ ይሻሉ፤ በ«ዶት ኢቲ» የሚያልቀውን የአገር ቤት አድራሻ የያዘው ኢትዮ ቴሌኮም ነው። «ዶት ኢቲ» የተመዘገበው በ1995 እ.ኤ.አ. ሲሆን ኢንተርኔት አገራችን የገባው ግን በ1997 ነው፤ ቤቱ ሳይሠራ የቤት ቁጥሩ ተለጥፎ ነበር። ከክፍያው የሚብሰው ስሙን በላቲን ፊደል መጻፉ ነው። «ጥበብ» ሲጻፍ «ጥ» ላይ «አይ» ይግባ ወይስ «ኢ»? መጨረሻውስ በባዶ «ቢ» ይለቀቅ? ጎረቤት ያለው ሸማኔ፣ የኮሌጅ ተማሪዋ እህት፣ ቡና ልትጠጣ የገባች ደንበኛ ሁሉ ድምፅ ይሰጣሉ፤ ሦስት ሰው አራት አጻጻፍ ያመጣል።

አማርኛውን በራሱ ፊደል መጻፍ እንኳ ዛሬ ቀሏል። የግዕዝ ፊደል የኮምፒውተሮች የጋራ የፊደል መዝገብ በሆነው ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት ሶፍትዌር ሠሪው ሁሉ ፊደሉን በየራሱ መንገድ ስለሚያስቀምጥ፣ ፎንቱ የሌለው ሰው ገጹን ሲከፍት የሚያየው የተዘበራረቀ የላቲን ፊደል ነበር። መላ ያጡ ድረ ገጾች አማርኛውን እንደ ሥዕል ይለጥፉት ነበር።

ገጹ ወጣ። እናት በልጃቸው ላፕቶፕ አይተው እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸውም፤ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው አክስት ግን «ምንድን ነው ይሄ ባዶ ሳጥን?» ብላ ደወለች። የጀማሪ ሁሉ ደዌ ነው። ልጁ ፎቶዎቹ ከራሱ «ሲ ድራይቭ» እንዲነሡ አዝዟል፤ አሜሪካ ያለ ስልክ ደግሞ ጉለሌ ያለ ላፕቶፕ ውስጥ ገብቶ ቀሚስ አያወርድም። ያንን አስተካክሎ ሲጭን ግማሾቹ እምቢ አሉ፤ በፋይሉ ስም መጨረሻ ያለው «ጄፒጂ» በትልልቁ የላቲን ፊደል ነው፣ ኮዱ ላይ በትንንሹ። ዊንዶውስ ሁለቱን አይለይም፤ አብዛኛው ሰርቨር የሚሠራበት ሊኑክስ ግን እንደማይተዋወቁ ስሞች ይቆጥራቸዋል።

የሥራ ሰዓቱም አለ። «ከ2 እስከ 12 ሰዓት» ይላል፤ ሰፈሩ ውስጥ ይህ የማይገባው ሕፃን የለም። ቁጥሩ እንዳለ ወደ እንግሊዝኛው ገጽ ሲገለበጥ ግን ሱቁ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተከፍቶ እኩለ ቀን ላይ የሚዘጋ ሆኖ አረፈው።

ይህ ሁሉ ከዋጋው አይከብድም። ገጹ ቁርጥ ያለ ቁጥር ይፈልጋል። እንደ ሰው ዓይን አይቶ አይጨምር፣ ፊት አይቶ አይቀንስ፤ አንዴ የጻፉበትን ለገዢውም ለተፎካካሪውም እኩል ያሳያል።

«ዋጋ ካልጻፍሽ ማን ይገዛል?» አለ ልጅ።

«ዋጋ ከጻፍኩ ማን ይከራከረኛል?» አሉ እናት።

በመጨረሻ ተስማሙ፤ ዋጋው ተጻፈ፣ ከሥሩ ስልክ ቁጥር ተቀመጠ። የመጀመሪያዋ ደዋይ አክስት ነበረች። ገጹ ላይ ያለውን ዋጋ ጮክ ብላ አነበበችና፣ «እሱ ለፈረንጅ ነው፤ የእኔን ንገሪኝ» አለች።