የአቶ ማፕሳይክል አጭር የሕይወት ታሪክ

አቶ ማፕሳይክል ከአባታቸው ከአቶ ሃፍ ላይፍ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኖትፓድ፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1998 ሰርቨር ውስጥ፣ ልዩ ስሙ ፎልደር በተባለ ቦታ ተወለዱ። ዘራቸው እስከ ኩዌክ ይቆጠራል። በ1999 ካውንተር ስትራይክ ከተባለው የተኩስ ጨዋታ ቤት ተቀጥረው ዕድሜ ልካቸውን ካርታ ሲያፈራርቁ ኖረዋል።

ሲያዩዋቸው ተራ የጽሑፍ ፋይል ነበሩ፤ በአንድ መስመር አንድ የካርታ ስም፣ በቃ። የሰርቨሩ ባለቤት አዝቴክ፣ ኦፊስ፣ ኢታሊ ብሎ ከጻፈላቸው፣ ሰዓቱ በሞላ ቁጥር ተከታዩን ይጠራሉ፤ ዝርዝሩ ሲያልቅ ከራሱ ይጀምራሉ። ስም በስህተት ቢጻፍ እንኳ አይቆጡም። ኮንሶሉ ላይ «ይህ ካርታ አይደለም» ብለው አጉረምርመው ያልፋሉ። ከስሙ ጎን አነስተኛው የተጫዋች ቁጥር ከተጻፈላቸው ደግሞ፣ ሰው ሲጎድል ሰፊውን ካርታ ይዘሉታል። አዝቴክ ላይ ለአራት ሆኖ ሲፈላለግ ያመሸ ሰው ይህን ውለታ ያውቃል።

የጨዋታውን ደንብ የሚወስነው ፋይል፣ ወንድማቸው ሰርቨር ኮንፊግ ግን (እዚህ ስለተገኘ ይቅርታ ይደረግልኝ) ነገረኛ ነበር። ስበቱን ከ800 ወደ 200 አውርዶ ታጣቂውን ሁሉ እንደ ላባ ያንሳፍፋል። የመነሻውን ገንዘብ፣ እሱም 800 ነው፣ 16000 ያደርግና በመጀመሪያው ዙር ድሃ የሚባል ይጠፋል። ፍሬንድሊ ፋየር፣ ማለትም የገዛ ጓድን መምታት፣ የከፈተ ዕለት ስንት ወዳጅነት እንደፈረሰ አልናገርም፤ ቀኑ የሐዘን ነው።

የሞታቸው ምክንያት ማችሜኪንግ ነው ተብሏል። ተጫዋቹ አንድ ቁልፍ ይጫናል፤ ከማን ጋር እንደሚጫወትና በየትኛው ሰርቨር እንደሚገባ የሚወስነው የጨዋታው ኩባንያ ነው፤ ካርታውም ኩባንያው ካቀረበው መደብ አይወጣም። ዛሬም በግል ሰርቨሮች ላይ ትንፋሻቸው አለ የሚሉ አልጠፉም። እውነትም ሳጥኑ አልፎ አልፎ ይንኳኳል።

እኔ ግን አፈር ሳይለብሱ የምናዘዘው አለኝ። የእኔ ሰርቨር 12 ካርታ ነበረው። ኢታሊ ሲመጣ ሦስት ሰው ይወጣል፤ አዝቴክ ሲመጣ ስድስት። አንድ ሌሊት አሥራ አንዱን ሰረዝኩና ዴቭ ጆንስተን በ2001 የሠራውን ዳስት ቱን ብቻ አስቀረሁ። ከዚያ ወዲያ አቶ ማፕሳይክል ሰዓቱ ሲሞላ ዝርዝሩን ያያሉ፦ ዳስት ቱ። ወደ ላይ ይመለሳሉ፦ ዳስት ቱ። አንድ ቀን እንኳ ምነው አላሉኝም። ሰርቨሩ ግን 32ቱም ቦታ ሞላ፤ እኔም ደስ አለኝ።

ከንፍሮው በኋላ ለመታሰቢያቸው አንድ ካርታ እንጫወታለን። ከሬዲዮው ኦፔራ የሚንቆረቆርበት ኢታሊ ይሁን ብዬ አሳስባለሁ። ከኋላ «ዳስት ቱ!» የምትሉ፣ እባካችሁ፣ ቢያንስ ሳጥኑ እስኪወርድ።