ከነተሳቢው

ከሚሴ ላይ ዕቃ የሚሸከምልህ አታጣም። ባጃጅ አለ፤ የፈረስ ጋሪ አለ፤ አህያማ ከነባለቤቷ ጥግ ይዛ ጥሪህን ትጠብቃለች። ሰኞ ሰኞ ባቲ ገበያ ብትዘልቅ ደግሞ ግመሉ እንደ ልብ ነው። እኛ አራት ጓደኛሞች ግን ይህን ሁሉ አልፈን ተሳቢ ለማሠራት ወሰንን። ሳቢዎቹም እኛው።

ነገሩን ያመጣብን የባንክ ሠራተኛው ነው። ለሥልጠና አዲስ አበባ ሄዶ ሁለት ሳምንት ቆየና ሲመለስ «ሃይኪንግ» ይዞልን መጣ። እንጦጦ ወጥቷል፣ ወንጪ ወርዷል፣ በየደረሰበት ፎቶ ተነሥቷል። ሲያስረዳን፣ ሰዎቹ ገንዘብ ከፍለው በእግራቸው ይሄዳሉ። ሄደው የሚያመጡት ነገር የለም፤ ይመለሳሉ። እናቴ ይህን ሰምታ «ምን አጥፍተው ነው?» አለች። በልጅነቷ ገበያ ለመድረስ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተነሥታ ስትገሰግስ ያደገች ሴት ናት። ያ ሁሉ መንገድ ስም እንዳለው የሰማችው ገና በስተርጅና ነው።

ዕቅዳችን ትልቅ አልነበረም። ከከተማ ወጥተን የጨፋን ሜዳ ዳር ዳሩን ይዘን ወፍ እያየን መሄድ፣ ማደር፣ በማግሥቱ አንዱ ጋራ ላይ ወጥቶ እንደገና ማደር። ለሁለት ሌሊት ሰው ምን ያስፈልገዋል? ብርድ ልብስ፣ ዳቦ፣ ውሃ። ችግሩ ከውሃው ጀመረ። ከሚሴ ከባሕር ጠለል በላይ 1,400 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ሞቃት ከተማ ናት፤ ለአራት ሰው ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ያስፈልጋል ተባለ። ሊትሩ አንድ ኪሎ፣ በድምሩ 40 ኪሎ። ባለሱቁ ጓደኛችን ወገቡን ያዝ አደረገ። ገና ያልተሸከመው ውሃ አመመው። «ለምን ጎማ አንገጥምለትም?» አለ።

አህያ እንከራይ ያለ ጠፍቶ አይደለም፤ እኔ ብያለሁ። የባንኩ ሰው ግን ነውር እንደሰማ ሰው ፊቱን አጨፈገገ። «ሃይኪንግ ላይ? አህያ?» አህያዋ ፎቶ ውስጥ ልትገባ ነዋ! «ሰሜን ተራራ የሚወጡት ፈረንጆች እኮ ጓዛቸውን በበቅሎ ነው የሚያስጭኑት» ብዬ ተከራከርኩ። ውቅያኖስ ተሻግረው መጥተው፣ ቀን ቆጥረው በቅሎና ባለበቅሎ ይከራያሉ። ማን ሰምቶኝ! አህያ ኋላ ቀርነት፣ ተሳቢ ቴክኖሎጂ ተብሎ በሦስት ለአንድ ድምፅ ተወሰነ።

ብየዳ ቤት ስንገባ ሌላ አገር የገባን መሰለኝ። ጣሊያን እዚህ የቆየው አምስት ዓመት ነው፤ ሲወጣ ግን ቋንቋውን ጋራዥ ውስጥ ረስቶት ሄዷል። ቱቦላሬ፣ ላሜራ፣ ኩሽኔታ፣ ቡሎን፣ ዳዶ፣ ባሌስትራ። ጎማ ሲተነፍስ የሚጠራውም ጎሚስታ ነው። አማርኛ አስተማሪ ነኝ፤ እዚያ ቆሜ ግን አስተርጓሚ አማረኝ።

ንድፉን የሠራው የፊዚክስ መምህሩ ጓደኛችን ነበር፣ በደብተር ወረቀት ላይ። ባለብየዳው ወረቀቱን ዘቅዝቆ ለረጅም ጊዜ አየው።

«ቲቸር፣ ምንድን ነው የሚጫንበት?»

«ድንኳን፣ ውሃ፣ ምናምን።»

«ማነው የሚስበው?»

«እኛ።»

መነጽሩን አወለቀ። «አህያዋ ሞተችባችሁ እንዴ?» አለ፣ ከልቡ አዝኖ። ከዚያ ደግሞ እንደ ወሎ ደንብ «አብሽሩ» ብሎ አጽናናን።

«ጎማው መሐል ይሁን» ቢልም የፊዚክስ መምህሩ በጄ አላለም። እንደ አይሱዙ ወደ ኋላ ይሁን፣ ያምራል። ጋሪ ነክቶ የሚያውቅ ሰው ግን አንድ ነገር ያውቃል። ሸክሙ ልክ ከጎማው ዘንግ በላይ ሲያርፍ ክብደቱን የሚችለው ጎማው ነው፤ የሚስበው ሰው ሥራ መምራት ብቻ ይሆናል። ሸክሙ ከዘንጉ ፊት ከሆነ ክብደቱ ተካፍሎ እጅህ ላይ ይወርዳል። ከኋላ ከሆነም እጀታው ሽቅብ ይነሣና አንተንም ይዞህ ይነሣል። ባለጋሪዎች ጭነቱን ለክተው ትንሽ ብቻ ወደ ፊት የሚያደሉት ለዚህ ነው፤ ማንሻ የሚባለውን ምዕራፍ ግን አልተማሩትም። የኛ ሰው ምዕራፉን በየዓመቱ ያስተምራል። ጎማውን ኋላ አስገጠመው።

ጎማዎቹ ከአሮጌ ሞተር ብስክሌት የተነቀሉ ነበሩ። «ፍሬንስ?» ብዬ ጠየቅኩ። ባለብየዳው እግሬን አየ። ከስፖርት ጫማዬ በቀር ፍሬን እንደሌለው ገባኝ። የወጣው ገንዘብ ለስንት ቀን አህያ እንደሚያከራይ አስልቼ ነበር፤ ለባለቤቴ ስላልነገርኳት እዚህም አልጽፈውም።

አሁን ወደ ዋናው ጉድ ልምጣ። ጋሪው ተሠርቶ ሲያልቅ ባዶ ቦታ ነበረው። ባዶ ቦታ ደግሞ ሰው አያስተኛም። ብርድ ልብስ ብለን የጀመርነው ወደ ፍራሽ አደገ። ፍራሽ ካለ ትራስ። ቡና ሳይፈላ እንዴት ይዋላል? ጀበና፣ ረከቦት፣ ሲኒ ከነማስቀመጫው፣ ለሲኒው መከላከያ ሌላ ካርቶን። ለጀበናው ምድጃ፣ ለምድጃው ከሰል፣ ከሰሉ ደግሞ ግማሽ ማዳበሪያ። ባለሱቁ አራት የፕላስቲክ ወንበር አመጣ። የባንኩ ሰው ስፒከር አመጣ፤ የወፍ ድምፅ ልንሰማ በምንሄድበት አገር። ውሃውም ሁለት ጀሪካን መሆኑ ቀርቶ አራት ሆነ፤ «ጎማ እኮ ነው የሚሸከመው!» እየተባለ። በብዛቱ ላስቸገረን የውሃ ሸክም የተሠራው ጋሪ የውሃውን እጥፍና የአንድ ሙሽራ ቤት ዕቃ ይዞ ተነሣ። ፍየልም ገዝተን ነበር። እሷ ጋሪው ላይ ቦታ ስላጣች በእግሯ ሄደች። ከመካከላችን በትክክል ሃይኪንግ የወጣችው እሷ ብቻ ነበረች።

ከከተማው መውጫ ላይ አንድ ሽማግሌ ምርኩዛቸውን ተደግፈው አስተዋሉንና «ጋሪ!» አሉ። የባንኩ ሰው ደስ አለው። በኦሮምኛ «ጋሪ» ማለት ጥሩ፣ ደግ ማለት ነውና መመረቃቸው መሰለው። እኔ በአማርኛው ተናግረው እንደሆነስ ብዬ ተጠራጠርኩ፤ ያኔ ያዩትን ነገር ስም መጥራታቸው ብቻ ነው። ከሚሴ ሁለቱንም ቋንቋ እኩል የሚያቀላጥፍ አገር ነው። ሳቃቸው ግን ትርጉም አላስፈለገውም። ከኋላችን ደግሞ ጣውላ ላይ ኩሽኔታ የገጠሙ ልጆች ቁልቁለቱን ሽው ብለው አለፉን። የእነሱ ዘንግ ቦታውን ይዟል።

አስፋልቱ ላይ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ጋሪው ይሄዳል። መቼም የአዲስ አበባ ደሴ መንገድ ነው፤ ሲኖትራኮቹ ከነተሳቢያቸው ሲያልፉ ጥሩምባ እየነፉ ሰላምታ ሰጡን፣ እንደ ባልደረባ። አስፋልቱን ለቀን ሜዳው ውስጥ ስንገባ ግን ጨፋ ጨፋነቱን አሳየን። ኅዳር ቢገባም ረግረጉ ገና አልጠፈፈም። ዋልካ አፈር ጎማ ላይ ሲለጠፍ ታውቃላችሁ? መጀመሪያ እንደ ሊጥ ይይዛል፣ ቀጥሎ ጎማው ራሱ እንጀራ ምጣድ ያክላል፣ በመጨረሻ መሽከርከሩን ትቶ መንሸራተት ይጀምራል። ያኔ የምትስበው ጋሪ አይደለም፤ ማረሻ ነው። ወደ ኋላ ዞር ብዬ ሳይ ሁለት የሚያምር ትልም አውጥተናል። ዘር ብቻ ነው የቀረን።

«አይዟችሁ!» አለ የባንኩ ሰው። «ሴባስቶፖልን የጎተተ ሕዝብ ልጆች ነን!» ይህን ማንሣቱ ስህተት ነበር፤ የታሪክ ነገር ሲነሣ እኔም ዝም ማለት አልችልም። ዐፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ በአውሮፓውያን ሠራተኞች ያስቀለጡት መድፍ ክብደቱ 70 ኩንታል ገደማ ነው። ያን በመንኮራኩር ላይ አድርገው፣ መንገዱን ከፊት ከፊቱ እያስጠረጉ፣ በመቶዎች የሚቆጠር ሰው እየጎተተው መቅደላ ለመድረስ ግማሽ ዓመት ያህል ፈጅቷል። በሌላ ወገን የእንግሊዙ የናፒየር ጦር የከባድ መድፎቹን ነገር ለእንስሳ ትቶ 44 ዝሆን ከህንድ አስመጣ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። እንግሊዝ ከመቅደላ ዘውዱንም ብራናውንም ዘርፎ ሲሄድ ሴባስቶፖልን አልነካውም፤ ዛሬም እዚያው አምባው ላይ ነው። «ስለዚህ» አልኩት ለባንኩ ሰው፣ «ከታሪኩ የምትማረው ዝሆን መከራየትን ነው።» አኮረፈኝ።

በዚህ መሐል ከቆላው ግጦሽ ፍለጋ የመጡ አፋሮች በአጠገባችን አለፉ። በጋ ሲመጣ የጨፋ ሣር ከብዙ አቅጣጫ ከብት ይጠራል። አንዷ ግመል ላይ የተጫነው ቤት ነበር፤ ሙሉ ቤት። የጎበጡት እንጨቶች ከግራና ከቀኝ፣ ሰሌኑ በላያቸው ተጠቅልሎ፣ ማሰሮው ከጎን፣ ከላይ ደግሞ ሕፃን ልጅ ተቀምጦ። የሚመራት አንዲት ሴት ናት፣ በአንድ ገመድ። ሕፃኑ ከላይ ቁልቁል አየን። ሪቻርድ ቡሌት የሚባል አሜሪካዊ የታሪክ ምሁር በ1975 እ.ኤ.አ. «ግመልና መንኮራኩር» የሚል መጽሐፍ አሳትሞ ነበር፤ በመካከለኛው ምሥራቅ ሰው ጋሪን ያውቅ እንደነበርና ግመል ስለረከሰችለት ለብዙ መቶ ዓመታት ጋሪውን እርግፍ አድርጎ እንደተወው ያስረዳል። መጽሐፉ ወፍራም ነው። ሕፃኑ ሳያነበው ገብቶታል።

እሾኹ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። የግራር እሾህ፣ ጣት የሚያህል። የግራ ጎማችን ትንፋሹን ለቀቀ። ጎሚስታ የለም። የፊዚክስ መምህሩ ዕቃውን ወደ ቀኝ እናጋድለው አለ፤ አጋደልነው፤ ጋሪው ተገለበጠ፤ ባለሱቁንም ይዞት ተገለበጠ። ሲኒዎቹ አለቁ። የተረፈው ስፒከሩ ነው።

አንድ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሁለት አህዮች እየነዳ ደረሰልን። ዋጋ ጠየቅነው፤ ሁኔታችንን አየና ጨመረ። «አህያዋ ጋሪውን ትሳበው» ብሎ ባለሱቁ ተደራደረ። «ጋሼ፣ የኔ አህያ ጋሪ አልለመደችም፤ ጀርባዋ ላይ ወላሂ ሁሉንም ትችላለች» አለ ልጁ። መጫኛውን ፈትቶ ፍራሹን፣ ውሃውን፣ ከሰሉን፣ ወንበሮቹን ለሁለቱ አካፍሎ ጥፍር አድርጎ አሰረው። አሥር ደቂቃም አልፈጀበት። እኛ ግማሽ ቀን ነበር የፈጀብን።

ጋሪው ግን ሜዳ ላይ አይጣልም፤ ገንዘብ ወጥቶበታል። ስለዚህ ወደ ከሚሴ የገባነው በዚህ ሰልፍ ነው፤ ከፊት ፍየሏ፣ ቀጥሎ ልጁ እያፏጨ፣ ቀጥሎ ሁለቱ አህዮች ጓዛችንን ተሸክመው፣ ከኋላ እኛ አራት የተማርን ሰዎች ባዶ ጋሪ እየጎተትን። ሽማግሌው እዚያው ቦታ ነበሩ። በዚህኛው ጊዜ ምንም አላሉም፤ ምርኩዛቸውን አንሥተው መንገድ ለቀቁልን።

የባንኩ ሰው የለጠፈውን ፎቶ አይቼዋለሁ። ጋሪው አለ፣ ጋራው አለ፣ እሱ አለ። ከዳር በኩል ቆርጦታል፤ የአንደኛዋ አህያ ጆሮ ግን ቀርቷል።

ፈላጊ ካለ ጋሪው ይሸጣል። ሁለት ጎማ አለው፣ አንዱ የተነፈሰ። ዘንጉ ወደ ኋላ ነው። ፍሬን የለውም። ለማየት የሚመጣ ሰው ቤታችን ሲደርስ ዶሮዎቹን እሽ ይበላቸው፤ ከሥሩ ነው የሚያድሩት።