ጡሩንባ ያልተነፋለት ድንኳን

እንጦጦ ሥር ባለው ሰፈራችን ድንኳን ተተከለ ማለት ሰው ሞተ ማለት ነው። ሠርጉ እንደሆነ አዳራሽ ከገባ ቆየ። እናም አንድ እሑድ ጠዋት ዳቦ ልገዛ ወጥቼ የእድራችን ድንኳን ታክሲ ማዞሪያው አጠገብ ተወጥሮ ሳይ ክው አልኩ። ጡሩንባ አልተነፋ፣ ለፋፊ አልጮኸ። ማን ይሆን? ቤት ተመልሼ ጥቁር ጃኬት ደረብኩና ዳገቱን በሩጫ ወጥቼ፣ አንገቴን ደፍቼ ከወንዶቹ ረድፍ ተቀመጥኩ።

አጠገቤ ያሉትን ጋሼን በሹክሹክታ "ማን ነው?" አልኳቸው።

"እኔም እሱኑ ነው የምጠብቀው" አሉኝ።

እማማ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ንፍሮ በትሪ ይዘው ገቡ። ማልቀስም ጀምረው ነበር፤ የማንን ስም እንደሚጠሩ ቢጠፋቸው ሙሾው ጉሮሯቸው ላይ ቀረ። ወዲያው ነጭ ጋውን የለበሰች ልጅ ወረቀት ይዛ መጣችና "ስም? ዕድሜ?" አለችኝ። የእድር መዝገብ መስሎኝ ተናገርኩ። ክንዴን ይዛ መጠቅለል ስትጀምር ነው የለቅሶው ነገር ያጠራጠረኝ።

ለካ ጎረቤታችን ያለው ሆስፒታል ያዘጋጀው ነጻ ምርመራ ኖሯል። ቀደም ሲል ባነር ሰቅሎ፣ ወረቀት በትኖ ዝር ያለለት ሰው ስላልነበረ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ "እድሩን ያዙ" ብላ መከረቻቸው። የሰፈር ሰው በየት በኩል እንደሚገኝ የኤክስቴንሽን ሠራተኞችን ያህል የሚያውቅ የለም። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራሙ በ1995 ዓ.ም. በገጠር ሲጀመር አሥረኛ ክፍል የጨረሱ ሴቶች አንድ ዓመት እየሠለጠኑ ለየቀበሌው ሁለት ሁለት ሆነው ተመደቡ፤ ወደ ከተማ ሲመጣ ደግሞ ነርሶች ገቡበት። የእኛዋ የማን ሽንት ቤት እንደሞላ፣ የማን ልጅ ክትባት እንደቀረበት በቃሏ ታውቃለች። እድሩም ድንኳኑን ሰጠ፤ ለአባላቱ መናገር ግን ረሳ። እኔን ከጠየቃችሁኝ እንኳንም ረሳ! "ምርመራ" ቢባል ሁሉም "እኔ ደህና ነኝ" ብሎ ይተኛል። ለቅሶ መቅረት ግን ማን ይደፍራል?

ግፊቴ 162 በ98 ሆነ። ሲስተር ቁጥሩን አየች፣ እኔን አየች።

"ሮጠው ነው የመጡት?"

"ሰው የሞተ መስሎኝ።"

"ቡናስ?"

"ጠጥቻለሁ።"

ጃኬቴን አስወለቀችኝ። ጀርባህን ተደገፍ፣ እግርህን አታነባብር፣ ክንድህን በልብህ ትይዩ ጠረጴዛው ላይ አሳርፍ ተባልኩ፤ ከሁሉ የከበደው ግን አምስት ደቂቃ ትንፍሽ ሳይሉ መቀመጡ ነበር። ጋሼ "ምን አለችህ?" ይሉኛል። ዝም። "አንተን እኮ ነው!" ዝም። ይሄኔ ለእድሩ ዳኛ "ልጁ መናገር አቃተው" ብለው አስተላለፉ። እማማም የሚያለቅሱለት ሰው አገኙ።

ለቅሶዬ በርዶ ሲለካ 144 በ90 ወረደ። መስመሩ 140 በ90 ነው፤ ሆኖም ሲስተር በአንድ ቀን ልኬት በሽተኛ አይባልም ብላ፣ ሌላ ቀን ጤና ጣቢያ ሄጄ እንድለካ ካርድ ጻፈችልኝ። ካርዷን ወድጃታለሁ። ስንቱ ዘመቻ ቁጥር ነግሮን፣ ፎቶ አንስቶን፣ ድንኳኑን ነቅሎ ሄዷል! ግፊት እንደሆነ አያምም፤ የማያምን ነገር ደግሞ ቤት ሳይደርሱ ይረሱታል። አሁን ግን ኤክስቴንሽኗ ስሜን ደብተሯ ላይ አስፍራዋለች። ካልሄድኩ በሬን እንደምታንኳኳ አውቃለሁ፤ ከግፊቱ ይልቅ የምፈራው ያንን ደብተር ነው።

ሚዛኑ የተቀመጠው ኮብልስቶኑ ላይ ነበር። ጋሼ ሲወጡበት 71 ኪሎ አለ፤ ወርደው በእግራቸው ገፋ አደረጉትና ድጋሚ ሲወጡ 68። "ይሄኛውን ጻፊ" አሏት።

መጨረሻ ላይ የሥነ ምግብ ባለሙያው ተነሣ። ጨው በቀን ከ5 ግራም፣ ማለት ከአንድ የሻይ ማንኪያ ማነስ አለበት፤ በርበሬው ውስጥ የገባውም ይቆጠራል እያለ ሲያስረዳ የእማማ ንፍሮ መዞር ጀመረ። "ስንዴና ሽምብራ! ይኸው፣ ከዚህ የበለጠ ምን ምግብ አለ?" ብሎ አንድ እፍኝ ወደ አፉ ላከ። አኘከ፤ ቆም አለ።

"እማማ፣ ጨው አልበዛበትም?"

"ሟቹ ማን እንደሆነ ሳላውቅ" አሉ እማማ፣ "በማን ልክ ልጨምር?"