ጋሽ ኮሚቴ

ደብረ ሲና ላይ ኳስ የሚጫወት ቡድን ሁለት ተጋጣሚ አለበት፤ አንዱ ሌላው ቡድን ነው፣ ሁለተኛው ቁልቁለቱ። ከጣርማ በር ዋሻ ወጥቶ ወደ ሸዋ ሮቢት የሚምዘገዘገውን መንገድ ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ከታችኛው ጎል በላይ የተላከች ኳስ እስክትመለስ ተጫዋቹ ቆሎ ገዝቶ ቆርጥሞ ይጨርስ ነበር። ቆሎ መቼም እኛ ጋ ጠፍቶ አያውቅም። አንዷ ኳስ አርማንያ ድረስ ወርዳ ተገኘች ብለው ጋሽ ኮሚቴ ይምሉ ነበር፤ እሳቸው የማሉበትን ደግሞ ግማሹን ቀንሶ መስማት ነው።

እናታቸው ያወጡላቸው ስም ሌላ ነው። ኮሚቴ ያሰኛቸው እሳቸው የሌሉበት ኮሚቴ መታጣቱ ነው፦ የእድር፣ የውሃ፣ የመንገድ፣ የደጋፊ፣ የዳኛ፣ የማንም ሰርግ። የአንዱን ስብሰባ ቃለ ጉባኤ በሌላው መዝገብ ላይ ስለሚጽፉት፣ እድራችን በአንድ ወቅት የግራ ተመላላሹ እንዲቀየር በሙሉ ድምፅ መወሰኑ ተመዝግቦ ይገኛል።

ራሳቸው ኳስ አይችሉም ነበር። በቀብራቸው ዕለት የሕይወት ታሪካቸውን ያነበበው ሰው “በወጣትነታቸው ድንቅ አጥቂ ነበሩ” ሲል ለቀስተኛው በሙሉ አንገቱን ደፋ፤ ሐዘን እንዳይመስላችሁ።

የሚችሉት መስመር ማስመር ነበር፤ እሱንም በራሳቸው መንገድ። ሥሩ በምስማር የተበሳሳ ጣሳ ኖራ ይሞሉና ወገባቸውን አጉብጠው እያራገፉ ይሄዳሉ። ችግሩ ሰላምታ ነው። በሜዳው ዳር የሚያልፍን ሰው ቤተሰቡን፣ ከብቱን፣ የአምናውን አዝመራ ሳይጠይቁ አይለቁትም፤ እሳቸው ወደ ሰውዬው በዞሩ ቁጥር ጣሳውም አብሮ ይዞራል። ስለዚህ መስመራችን ሰላምታ በተሰጠበት ቦታ ሁሉ ይቆለመማል። አንድ ቀን የመሀሉን ክብ ሲያሰምሩ አንድ ቄስ ደርሰው ጨዋታ ያዙ፤ ክቡ እንቁላል ሆኖ ዋለ። ኳስ ወጣች አልወጣችም የሚል ጭቅጭቅ ሲነሳ ዳኛው ወደ እሳቸው ዞሮ “ጋሼ፣ እዚህ ጋ ማንን ሰላም ብለው ነበር?” ብሎ ይጠይቃል። ያስታውሱታል ደግሞ።

መስከረም 15 ቀን 1993 ዓ.ም.፣ መስቀል ሁለት ቀን ሲቀረው፣ የደመራ እንጨት እንዲያመጡ ተላኩ። እግረ መንገዳቸውን ቴሌቪዥን ያለበት ቤት ገቡ። ኃይሌ ሲድኒ ላይ ፖል ቴርጋትን በዘጠኝ መቶኛ ሰከንድ የቀደመው ያን ቀን ነው። አመሻሽ ላይ ባዶ እጃቸውን ብቅ ሲሉ የደመራው ኮሚቴ ተቆጣ። “ቴርጋትም የዘገየው ጥቂት ነው፤ ማን ተቆጣው?” አሉ።

በጣም የምወድላቸው ግን የ2005ቱን ነው። ብሔራዊ ቡድናችን ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ባለፈ ማግስት፣ ጎረቤታቸው እማማ ዘንድ ቡና እየጠጣን ነበር። ሱዳን ላይ 5 ለ 3 ተሸንፈን፣ ጥቅምት 4 ቀን አዲስ አበባ ላይ አዳነ ግርማና ሳላዲን ሰኢድ አግብተው 2 ለ 0 አሸንፈናል። እማማ ውጤቱን በስኒ ደረደሩት፤ አምስት እዚህ፣ አምስት እዚያ።

“እኩል ለእኩል ነው። ታዲያ ሌሊቱን ሙሉ የጮኻችሁብን ለምንድን ነው?”

ጋሽ ኮሚቴ ከእኛ ወገን ሦስቱን ስኒ ለይተው አቀረቡ። “እነዚህ ሰው አገር ተሄዶ የገቡ ናቸው፣ እማማ። የእንግዳ ጉርሻና የባለቤት ጉርሻ እኩል ነው እንዴ? ከሜዳ ውጪ የገባ እጥፍ ይቆጠራል።”

እማማ ስኒዎቹን ትክ ብለው አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው “ሱዳኖቹ ይህን ያውቃሉ?” አሉ።

ጋሽ ኮሚቴ ያረፉ ዕለት ከተማው ዋይታውን ትቶ ሥራ ፈታ። ድንኳኑ ያለበት የእድሩ ዕቃ ቤት ቁልፍ የት እንደሚቀመጥ የሚያውቅ ጠፋ። “ጋሽ ኮሚቴን ጠይቋቸው እንጂ!” ብሎ የጮኸ ሰው ነበር፤ ማን እንደሆነ አልናገርም፣ የእድሩ ሊቀመንበር ነው። ቁልፉ ተሰበረ። ከድንኳኑና ከድስቱ መሀል የጎል መረብ፣ አንድ ከረጢት ኖራና አንድ ደብተር ተገኘ። ደብተሩ ላይ ለመረቡ መዋጮ ያልከፈሉ ሰዎች ስም በሙሉ ሰፍሯል፤ አንዳንዱ ስም ከሥሩ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል፣ እሱም ተቆልምሟል።

የሠልስቱ ዕለት ጸሐፊው ጮክ ብሎ አነበበው። ለቀስተኛው ኪሱን ይዳብስ ጀመር። አንዱ በድንኳኑ ጀርባ ሹልክ ሊል ሲል ልጆቹ “ኦፍሳይድ!” አሉት። እማማ አሁን የሚኖሩት ደብረ ብርሃን ልጃቸው ዘንድ ነው፤ ለለቅሶው ሲሉ ነው የወረዱት። ስማቸው ሲጠራ የመቀነታቸውን ጫፍ ፈትተው አሥር ብር አወጡ።

“በል መዝግብ” አሉት ጸሐፊውን፤ “ከሜዳዬ ውጪ መጥቼ ነው የከፈልኩት፣ እጥፍ ይያዝልኝ።”