የጋይሳይ ሜዳ ባለእበቶች

ዲንሾ አጠገብ ባለው በጋይሳይ ሜዳ መኪና የሚያስቆመው የደጋ አጋዘን ነው። ከርከሮም ብትሆን ከፎቶው ድርሻዋን ታገኛለች። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ መዝገብ ሲሰፍር ቀይ ቀበሮው በስሙ ተጠርቷል፤ ፍልፈሉ ሳይቀር ተነስቷል። የእበት ጥንዚዛን ያስታወሰ ግን እምብዛም ነው። ይህ ጥናት ጉድለቱን ለመሙላት ተዘጋጅቷል።

የጥንዚዛው መኖ በሦስት ይከፈላል፦ የላም እበት፣ የፈረስና የአህያ ፋንድያ፣ የበግና የፍየል በጠጥ። እበት እርጥብና ሰፊ ስለሆነ ብዙ ቤተሰብ ያስተዳድራል። ፋንድያ ገለባ ይበዛበታል፤ ፈረስ በማይጠፋበት በባሌ ደጋ ግን አቅርቦቱ አስተማማኝ ነው። በጠጥ ፈጥኖ ይደርቃል። የአጋዘኑም እዚሁ ይመደባል፤ ዓለም አቀፍ ዝናው በዚህ ረገድ አንዳች ብልጫ አላስገኘለትም።

ተመጋቢዎቹም ሦስት ናቸው። አንከባላዩ ድርሻውን አድቦልቡሎ በኋላ እግሮቹ እየገፋ፣ የኋሊት ይሄዳል። ፊልም የሚሠራለት እሱ ነው። አንድ አፍሪካዊ ዝርያው በሌሊት አቅጣጫውን በፍኖተ ሐሊብ ብርሃን እንደሚጠብቅ እ.ኤ.አ. በ2013 ታውቋል። ይሁን እንጂ አንከባላይ ሙቀት ወዳድ ነው፤ ከ3,000 ሜትር በላይ ባለችው ዲንሾ፣ አመዳይ በሚያድርበት ሣር ላይ፣ ሜዳው የሌሎች ነው። ደባሉ እዚያው እበቱ ውስጥ ይበላል፣ ይዋለዳል፤ ስለ እሱ ከዚህ በላይ የሚባል የለም። ቀባሪው ከእበቱ ሥር ጉድጓድ ምሶ ቀለቡን ወደ ታች ያወርዳል። እበቱን በዘንግ ገልበጥ ያደረገ ሰው የሚያየው ቀዳዳና አዲስ የወጣ አፈር የእሱ ነው።

የቀባሪው ወንድ ራሱ በሁለት ይከፈላል፦ ባለቀንድና ጎዳ።

ኦንቶፋገስ በሚባለው የቀባሪ ወገን ባለቀንዱ ወንድ ሴቷ ያለችበት ጉድጓድ በር ላይ ቆሞ የመጣውን ሁሉ በቀንዱ ይመልሳል። ከዚሁ ወገን አንዱ ዝርያ የክብደቱን 1,141 እጥፍ እንደሚጎትት እ.ኤ.አ. በ2010 ተለክቷል። ቀንድ ማብቀል ግን የጀግንነት ሳይሆን የቀለብ ጉዳይ ነው፤ በዕጭነቱ እናቱ በቂ እበት ያስቀመጠችለት ያበቅላል፣ ያነሰበት ጎዳ ይቀራል።

ጎዳው በር ላይ ቆሞ አይሟገትም። ከጎን ሌላ ጉድጓድ ይምሳል፤ ከዘበኛው በታች አሳልፎ ከዋናው ጋር ያገናኘዋል፤ ጉዳዩን ይፈጽማል፤ በመጣበት ይመለሳል። ዘበኛው ይህን ሁሉ ጊዜ በሩ ላይ ነው። በሩን በሚገባ ጠብቋል፤ በር ላይ የተፈጠረ ችግር የለም። ቀንድ ከሌላ አካል ተቆርሶ የሚበቅል በመሆኑ በአንዳንዱ ዝርያ የባለቀንዱ ዓይን ያንሳል፤ ይህም ለዘበኝነት የሚመከር አይደለም። ጎዳው በአንጻሩ ከቀንድ ያተረፈውን ለዘር ፍሬው ያውላል። ማዕረግ ሊሰጠው ታስቦ በሩ ላይ ቢጠበቅ አልመጣም።

ሥራቸው ግን ቀልድ አይደለም። እበት ሲቀበር ወደ አየር ይተን የነበረው ናይትሮጅን ለሣሩ ሥር ይደርሳል፤ መሬቱ ይላላል፤ ዝንብ መራቢያ ያጣል። እ.ኤ.አ. ከ1788 ጀምሮ ከብት የገባባት አውስትራሊያ ይህን ዘግይታ ተረድታለች። የአገሩ ጥንዚዛ የካንጋሮ ደረቅ በጠጥ እንጂ የላም እበት አልለመደም፤ ሜዳው በእበት፣ ሰዉ በዝንብ ተማረረ። ስለዚህ እ.ኤ.አ. ከ1968 ጀምሮ የውጭ ጥንዚዛ፣ አብዛኛውም ከአፍሪካ የመጣ፣ ይለቀቅ ገባ። በሽታ እንዳይከተል እንቁላሉ በመድኃኒት እየታጠበ፣ በሰው እጅ በተድቦለቦለ እበት ውስጥ ይቀመጥ ነበር። የተማረ ሰው ደመወዝ እየተከፈለው እበት አድቦልቡሏል።

በድልድሉ ያልተካተተ ተፎካካሪ ቢኖር ኩበት ጠፍጣፊዋ ናት። ማልዳ ቅርጫቷን ይዛ ትደርሳለች፤ የሰበሰበችው ለምድጃ እንጂ ለሣሩ አይመለስም። አንከባላይ እንዳትባል ትሸከማለች፣ ቀባሪ እንዳትባል ግድግዳ ላይ ትለጥፋለች። ድልድሉ እዚህ ላይ ይቋረጣል። ጥንዚዛ ቀድሞ የበሳሳውን እበት እሷም በእግሯ ነካ አድርጋ ታልፈዋለች።